አስቴር የዋኘችበት ቅዳሜ

ሂውረን ሐይቅ ዳር ሰንብቼ መጣሁ። ሄዳችሁ የማታውቁ፣ ምናልባትም የማትሄዱ ወዳጆቼ «ሐይቁ እንዴት ነው?» ትሉኛላችሁ። ሐይቁ ደኅና ነው። ማዶው አይታይም፤ ሐይቅ ይሉታል እንጂ ባሕር ነው። ስለ ውኃው ከዚህ በላይ የምነግራችሁ የለኝም፤ የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረማ። እንደ እህቴ የማያትን ሴት፣ እናቷ መሞታቸውን ሳታውቅ፣ መርዶ ወደምትሰማበት ቤት በገዛ መኪናዬ ወስጄ አስገባኋት። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ከዚያ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ኮቴጅ የሚሉት የከተማ ሰው በበጋ የሚያርፍበት የገጠር ቤት ነው። እኛ አገር ሰው ከገጠር ለመውጣት ዕድሜውን ይጨርሳል፤ እዚህ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ገጠር ለመግባት ነው። እኔ በአዘቦቱ ቀን ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል የከተማ ሰፈር የኪራይ ፎቆች እጠግናለሁ። በበጋ ቅዳሜና እሑድ ግን ማርጋሬት ለምትባል አሮጊት ኮቴጇን እከፍትላታለሁ። እንግዳ ሲመጣ ቁልፍ የማስረክበው፣ የውኃ ፓምፑን የማስነሣው፣ ምድጃውን የማሳየው፣ «ይህን እንዳትነኩ» የምለው እኔ ነኝ። እሷ ከዛፎቹ ወዲያ በራሷ ቤት ትኖራለች።

አስቴር የምትኖረው ሴንት ጄምስ ታውን በሚባል ሰፈር ነው፤ ፎቅ ጫፍ ላይ፣ ብቻዋን። የተዋወቅነው እዚህ እንደመጣን እንግሊዝኛ ስንማር ነው። ቀን ሽማግሌዎች እየተንከባከበች፣ ማታ ነርስነት ስታጠና ኖራ ዘንድሮ ለፈተናው ደረሰች። እናቷ ደሴ ነበሩ። ፈተናው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ዐረፉ። ወንድሟ ለእሷ አልደወለም፤ ለእድራችን ሰብሳቢ ለጋሽ ወርቅነህ ደወለ። ጋሽ ወርቅነህም «ፈተናዋን ትጨርስ» አሉ። ስትጨርስ «ውጤቷ ይምጣ» አሉ። ማለፏ ሲሰማ ደግሞ «ፎቅ ላይማ አይሆንም» አሉ።

ለምን እንደማይሆን አውቃለሁ። አምና እዚያው ሕንፃ ውስጥ አንዷን የአባቷን ሞት በማለዳ ስናረዳት፣ ጎረቤት ጩኸት ሰማሁ ብሎ ፖሊስ ጠራ። ፖሊሶቹ መጡና ልጅቷን ለብቻዋ መኝታ ቤት አስገብተው «ማነው የመታሽ?» ብለው ጠየቋት። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ወርቅነህ ፎቅ ላይ መርዶ አያስነግሩም።

«የሚጮኽበት ቦታ ፈልግልን» አሉኝ። «አንተ ኮቴጅ ታውቅ የለ?»

«ጋሽ ወርቅነህ፣ ለምን ዛሬውኑ ደውለን አንነግራትም? እናቷ እኮ ናት።»

«ሰው በስልክ ይረዳል? ምን ነካህ አንተ ልጅ?»

ዘመን መለወጫ ከመግባቱ በፊት ይሁን ተባለ፤ እንኳን አደረሰሽ ልትል ወደ እናቷ እንዳትደውል። እስከዚያው ስትደውል ወንድሟ አንዴ «ቤተ ክርስቲያን ናት»፣ አንዴ «ስልኳ ውኃ ገብቶበታል» ይላታል። ለእሷ የተነገራት ፈተና ስላለፍሽ እድሩ ኮቴጅ ወስዶ ሊያሳርፍሽ ነው ተብሎ ነው። ይህን የነገርኳት እኔ ነኝ። አቅፋ ሳመችኝ።

ዓርብ

ጠዋት ስደርስ አስቴር ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ ሕንፃው በር ላይ ቆማለች። ለአንድ ወር የሚበቃ ሻንጣ ይዛለች። እትዬ አሰለፈች ቀድመው ከኋላ ወንበር ገብተዋል። እትዬ አሰለፈች የእድሩ ሴቶች ታላቅ ናቸው፤ የተላኩት አስቴርን በዓይናቸው እንዲጠብቁ ነው። ችግሩ እሳቸው እንባ መያዝ አይችሉም። ገና ከከተማው ሳንወጣ የአስቴርን ፀጉር ከኋላ እየዳበሱ መናፈጥ ጀመሩ።

«እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?» አለች አስቴር ዞር ብላ።

«አለርጂ ነው ልጄ። አበባው።»

«መድኃኒት አለኝ፣ ልስጥዎት?» አለችና ቦርሳዋን ፈትሻ ክኒን አወጣች። እትዬ አሰለፈች የሌለባቸውን በሽታ መድኃኒት ዋጡ።

መንገዱ ወደ ሰሜን ነው። ኦሬንጅቪል የሚባለውን ከተማ ካለፉ በኋላ አገሩ ከፍ ይልና ነፋስ የሚያሽከረክራቸው ግዙፍ የመብራት ማመንጫዎች ይመጣሉ። ከዚያ በቆሎ፣ ከዚያ ደግሞ በቆሎ። ከአዲስ አበባ ደሴ ስትሄዱ መንገዱን ሙሉ ሰው አብሯችሁ ነው፤ አህያ የሚነዳው፣ ከገበያ የሚመለሰው፣ ጣርማበር ጉም ውስጥ ገብስ ቆሎ የሚሸጠው። እዚህ ማሳው አለ፣ ቤቱ አለ፣ ሰው የለም። ለወትሮው ይህ ጸጥታ ደስ ይለኛል። የዚያን ዕለት ግን የሚያስቆመኝና የሚያናግረኝ ሰው አጥቼ ተቃጠልኩ።

አስቴር ግን መንገዱን ሙሉ አወራች። «ሁለት ሺፍት ካንስል አድርጌ ነው የመጣሁት። ማናጀሬ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ዩ ዲዘርቭ ኢት፣ ይገባሻል!›» ለገና አገር ቤት እገባለሁ አለች። እናቷን ዓይናቸውን ታሳክማለች፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ትወስዳቸዋለች፣ አዲስ አበባ ሆቴል ታሳድራቸዋለች። እኔ «እሺ»፣ «ጥሩ ነው» እያልኩ መሪ ጨብጫለሁ። የተናደድኩት በጋሽ ወርቅነህ ነበር፤ ከዚያ በወንድሟ፤ ከዚያ ከኋላዬ በሚናፈጡት ሴትዮ። በራሴም ተናድጄ ነበር፤ ግን በሌላው መናደድ ይቀላል።

ምሳ ለመብላት አንዲት ትንሽ ከተማ ቆምን። ሾርባው ጨው የለውም፤ ዳቦው ግን የዚያን ቀን የተጋገረ ነበር። ከምግብ ቤቱ አጠገብ የቆዳ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለ። አስቴር ገባች፤ ተከትያት ገባሁ። ውስጡ የበግ ጠጉር የሆነ የቤት ጫማ አነሣች።

«ለእማዬ። የደሴን ብርድ አታውቀውም። እግራችን ደግሞ ልክ አንድ ነው» ብላ ራሷ ለካችው። «ቡናማው ይሻላል ግራጫው?»

ምን ልበል? ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ ምን እንደሚል ጋሽ ወርቅነህ አልነገሩኝም።

«ቡናማው» አልኩ።

እትዬ አሰለፈች በሩ ጋ ደርሰው ተመለሱ። ባለሱቁ ሽማግሌ ለእናቷ መሆኑን ሲሰማ በሚያምር ወረቀት ጠቅልሎ ሪባን አሰረበትና «ዕድለኛ እናት ናት» አላት። ደግ ሰው ነው፤ የዚያን ሰዓት ግን ላንቀው ቃጣኝ። ቦርሳውን እስከ መኪናው የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ኮቴጁ ስንደርስ ማርጋሬት እንደ ልማዷ ጠረጴዛው ላይ ዳቦና በገዛ እጇ የሠራችውን የፕለም ማርማላታ ትታልን ነበር። እንጨት ፈልጣ በረንዳው ላይ ደርድራለች፤ በዚያ ዕድሜዋ። እንግዳ ሳስገባ የምሄድበት ሥርዓት አለኝ፤ ያንኑ ጀመርኩ። ፓምፑን አስነሣሁ። «ውኃው እንቁላል እንቁላል ይሸታል፤ ከጉድጓድ ስለሆነ ነው፣ አይጎዳም። ሽንት ቤት ከወረቀቱ በቀር ምንም እንዳይጣል፤ ጉድጓዱ ትንሽ ነው። ቆሻሻ ውጭ አያድርም፤ ራኩን የሚባል አውሬ አለ፣ ጭምብል እንዳጠለቀ ሌባ ነው፣ ክዳን መክፈት ያውቃል።» ሌላ ጊዜ እዚህ ላይ እንግዳው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። አስቴር ሳቀች።

እሷ ስልኳን አውጥታ እየቀረጸች ነበር የምትከተለኝ። «እማዬ፣ ይኸውልሽ ቤቱ። ይኼ ሳሎኑ ነው። ይኼ እንጨት ምድጃ፤ አየሽ፣ እነሱም እንጨት ያነዳሉ። ይኼ ደግሞ ዳዊት ነው፣ የነገርኩሽ ልጅ። ዳዊቴ፣ ሰላም በላት።»

ስልኩ ፊቴ ላይ ነው።

«እንደምን አሉ እማማ» አልኩ። እጄንም አወዛወዝኩ።

ለወንድሟ ላከችለት፤ ለእናቷ እንዲያሳያቸው። ብዙም ሳይቆይ መለሰ። ቀይ የልብ ሥዕል ነበር የላከው። እንጨት ላምጣ ብዬ ወጣሁና የተፈለጠውን እንደገና ፈለጥኩት።

ቅዳሜ

ዕቅዱ ሌሎቹ ቅዳሜ ከሰዓት ድምፅ ሳያሰሙ መጥተው በአቅራቢያው ከተማ እንዲያድሩና እሑድ ማለዳ እንዲደርሱ ነበር። ድምፅ ሳያሰሙ! ረፋዱ ላይ ሦስት መኪና ሙሉ ሰው አቧራውን እያጨሰ በኮቴጁ መንገድ ገባ። መጀመሪያ የወረዱት ጋሽ ወርቅነህ ናቸው፤ ኮትና ክራቫት ለብሰው፣ በዚያ ሙቀት። ከኋላቸው ድስት፣ ፍራሽ፣ ታጣፊ ወንበር ወረደ። ማርጋሬት ቤቱን የሰጠችኝ ለስምንት ሰው ነው። የእኛ ሰው ግን ለሐዘን ሲጠራ «ስንት ሰው ይበቃል?» ብሎ አይጠይቅም። ያልተጠራውም ይመጣል። ቀረ የተባለ እንደሆነ ዕድሜ ልኩን ይወቀስበታል።

አስቴር ከበረንዳው ላይ አየቻቸው። አፏን በእጇ ይዛ ቆመች።

«ኦ ማይ ጋድ። ሁላችሁም? ለእኔ?» ወደ እኔ ዞረች። «ሰርፕራይዝ ፓርቲ ነው አይደል? ዳዊት፣ አንተ ውሸታም!» ከዚያም ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ እልል አለች።

ሰዎቹ ድስቱን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ሴት ልጅ እልል ስትል ዝም አይባልም፤ ማንም ሳያስተምረን ያደግንበት ነገር ነው። እትዬ አሰለፈች ምርጫ አጡ። «እልል» ብለው ጀመሩላት፤ ግማሹ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። «አለርጂው» አሉ። ሌሎቹ ሴቶች መሬት መሬት እያዩ አጨበጨቡ። እናቷ የሞቱባት ልጅ እልልታ ሲመለስላት በዓይኔ አየሁ፤ ይህን ያየ ሰው ሐይቁ ያምራል አያምርም ብላችሁ አትጠይቁት።

ጋሽ ወርቅነህን ከመኪናው ኋላ ወስጄ ያዝኳቸው።

«አሁን ይንገሯት» አልኳቸው። «ይብቃ። አሁን።»

«በጠራራ ፀሐይ? ሆዷ ባዶ ሆኖ፣ መንገድ የደከመው ሰው ሳያርፍ? የሚይዛት ሰው ጉልበት ያስፈልገዋል። ነገር ሥርዓት አለው፣ ልጄ። ነገ በማለዳ።»

«ሥርዓቱ ይሄ ነው?»

«ጫማዬን አቧራ ነካው መሰለኝ» አሉና ወደ ቤቱ ሄዱ።

ምሳ ከመድረሱ በፊት የፈራሁት ደረሰ፤ ሽንት ቤቱ ሞልቶ ወደ ላይ መለሰ። ለስምንት ሰው የተቆፈረ ጉድጓድ እድር ሲገባበት ምን ያድርግ? እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ በጎማው መምጠጫ ስታገል ጋሽ ወርቅነህ በር ላይ ቆመው አዩኝ። «ምን ያስጨንቅሃል፣ ጫካው ሰፊ አይደል?» አሉ። አንድ ቀን ፎቅ ላይ ጩኸት ነውር ነው ብለው ይሰጋሉ፣ በማግስቱ ሰው አገር ጫካ ውስጥ ሊያስቀምጡን ያስባሉ። ይህን ስል ውጭ ደግሞ ጩኸት ተሰማ። ራኩኑ በጠራራ ፀሐይ መጥቶ የአንዱን ድስት ክዳን ከፍቶ፣ ለነገ ለቀስተኛ የተሠራውን ምስር ወጥ በሁለት እጁ እየዛቀ ነበር። አስቴር እስክታለቅስ ሳቀች። ሰው ሁሉ እሷን አየና እንባዋን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ውኃው ወረደች። መዋኘት የተማረችው እዚሁ አገር ነው፤ ደሴ የት ይዋኛል? ከባሕር ዳርቻው ያለው ውኃ ጥልቀት የለውም፤ ሩቅ ድረስ ወገብ ነው። ሄዳ ሄዳ ከዚያ በጀርባዋ ተንሳፈፈች። «ኑ ግቡ!» ትላለች። ማንም አልገባም። ሁሉም ዳር ላይ በወንበር ተደርድረው ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት ተቀምጠው ያዩዋታል። ያነሣሁት ፎቶ ይህ ነው። ለምን እንዳነሣሁት አላውቅም፤ እዚያው አጠፋሁት።

ማርጋሬት በዛፎቹ መሃል መጣች። መኪናዎቹን ቆጥራቸዋለች፤ ሽንት ቤቱንም ሰምታለች። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ቀድሜ እውነቱን ነገርኳት፤ ሰልችቶኝ ነበር። የዚያች ውኃ ውስጥ ያለችው ልጅ እናት መሞታቸውን፣ እሷ እንደማታውቅ፣ ነገ ማለዳ እንደምንነግራት።

ማርጋሬት ወደ ውኃው አየች። «ሁላችሁም ታውቃላችሁ?»

«ሁላችንም።»

«እሷ እየዋኘች?»

ያን ወቀሳ ከዓርብ ጀምሮ በሆዴ ስል ሰንብቻለሁ። ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ደሜ ፈላ። የራሴን ሰው እኔ ልስደበው፤ ሌላው ሲነካው አልችልም። «ብቻዋን እንዳትሰማው ብለን ነው» አልኳት፤ ልክ እንደ ጋሽ ወርቅነህ። «እናንተስ እንዴት ነው የምትነግሩት?»

ማርጋሬት የራሷን ነገረችኝ። ወንድሟ የሞተ ጊዜ፣ አለች፣ ስልኳ ላይ የድምፅ መልእክት ተትቶላት ነው የሰማችው። ገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበረች። መልእክቱን ሰማችው፤ ደግማ ሰማችው። ከዚያ ምን እንደሚደረግ ስላላወቀች ገብታ ወተት ገዝታ ወጣች። «ወተቱን ቤት አድርሼ ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጥኩ በኋላ ነው የተቀመጥኩት» አለችኝ። «ማንም አልመጣም። ለነገሩ ማንንም አልጠራሁም።»

አስቴር በሩቁ እጇን አወዛወዘችልን፤ ማርጋሬትም መለሰችላት። ከዚያ ቤቷ ሄዳ የራሷን ሽንት ቤት ቁልፍ አምጥታ ለሴቶቹ ብላ ሰጠችኝ።

እሑድ

አስቴር ማታውን «ጠዋት ለሁላችሁም ፓንኬክ የምሠራው እኔ ነኝ» ብላ ነበር የተኛችው። ገና ሳይነጋ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጡ። ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። እኔ ምድጃውን እንዳነድ ታዘዝኩ። እሳቱ እምቢ አለኝ፤ ስንት እንግዳ ያስተማርኩበት ምድጃ ነው።

ደረጃው ተንቋቋ። አስቴር በሌሊት ልብሷ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ የምትወርደው እያንጎራጎረች ነበር። እግሯ መሃል ደረጃው ላይ ቆመ። ሴቶቹን አየች። ነጠላውን አየች። የእኛ አገር ሰው በማለዳ እንዲህ ተሰብስቦ የተቀመጠ ሰው ሲያይ ምን እንደመጣበት የሚነግረው አያስፈልገውም።

«ማነው?» አለች።

አንዷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ማነው እኮ? ወንድሜ ነው?» ከአንዳችን ወደ አንዳችን አየች፤ እኔ ላይ ደረሰች፤ አቀረቀርኩ። «እማዬ ናት?»

«ልጄ፣ እንግዲህ…» ብለው ጋሽ ወርቅነህ ጀመሩ፤ አላስጨረሰቻቸውም።

ስለ ጩኸቱ አልጽፍም። ከደረጃው ስትወድቅ እትዬ አሰለፈች ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። እነዚያ ዓርብ ዕለት እንባ መያዝ ያቃታቸው ሴትዮ የዚያን ጠዋት እንደ ዓለት ነበሩ፤ ደረቷን እንዳትመታ ሁለቱንም እጆቿን ይዘው አልለቀቁም። ወደ ውጭ ወጣች፤ ተከተልናት። ማንም የማይሰማበት ቦታ ብለን ነበር የመጣነው፤ ውኃ ግን ድምፅ ይወስዳል። ሩቅ ጀልባ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ሰውዬ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ተነሥቶ ቆመና ኮፍያውን አወለቀ። ፖሊስ አልጠራም።

ማርጋሬት የቤት ልብስ እንደለበሰች መጣች። ማንንም ምንም ሳትጠይቅ ከሴቶቹ መሃል መሬት ላይ ተቀመጠች። ሣሩ በጤዛ ርሶ ነበርና እትዬ አሰለፈች የጋቢያቸውን ጫፍ በጉልበቷ ላይ ጣል አደረጉላት። ቋንቋ አይግባቡም፤ ሳይነጋገሩ ዋሉ።

ፀሐዩ ከፍ ሲል የአስቴር ድምፅ አለቀ። «መቼ?» ብላ ጠየቀች። ጋሽ ወርቅነህ ቀኑን ነገሯት። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ወደ ኋላ ቆጠረች፤ ፈተናውን፣ ውጤቱን፣ የደወለችባቸውን ቀናት። ከዚያ እኔን ፈለገች።

«ቪዲዮው ላይ ሰላም ብለሃታል።»

«አዎ።»

«ጫማውን አብረኸኝ መርጠሃል።»

«አዎ።»

«እናቴን ቀብራችሁ፣ እኔን አስዋኛችሁኝ» አለች ለሁላችንም። ድምፅ ስላልቀራት በሹክሹክታ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማ።

«ለአንቺው ብለን ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ወርቅነህ።

«ለእኔ ከሆነ ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

ጋሽ ወርቅነህን ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ሲያጡ አየኋቸው፤ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ አላለኝም። ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ። «ለሐሙስ ትኬት ተቆርጦልሻል» አሉ ቆይተው። «ሥራ ቦታሽም ተነግሯል። ለአርባቸው ትደርሻለሽ።»

አስቴር ሽማግሌውን ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ እንደገና አለቀሰች፤ የአሁኑ ግን ዝግ ያለ ነበር። ሰው በየተራ ሲይዛት ዋለ። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትተካለች። ያን ሁሉ ሰው ለምን አመጣችሁ ብዬ ስበሳጭ የነበርኩት እኔ፣ አመሻሹ ላይ የሚይዛት ሰው ሊያንስ ነው ብዬ ሰጋሁ።

ሰኞ

ቤቱን አጸዳን። ማርጋሬት ስለ ጉድጓዱ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ የቀረውን ማርማላታ ለአስቴር ሰጠቻት። መንገዱን ስንመለስ በቆሎው እዚያው ነበር፣ የነፋስ ማመንጫዎቹም። አሁን የሚያወራ የለም። እትዬ አሰለፈች ከኋላ ደክሟቸው አንቀላፍተዋል።

ያቺን ትንሽ ከተማ ስናልፍ አስቴር ከእግሯ ሥር ቦርሳውን አነሣች። ሪባኑን ፈታች፤ ወረቀቱን ሳትቀድ አጠፈችው። የራሷን ጫማ አወለቀችና ቡናማውን አጠለቀች። ልክ ነበር።

«አልተውኩልህም» አለችኝ መንገዱን እያየች።

«አውቃለሁ።»

«በኋላም የምተውልህ አይመስለኝም።»

«እሺ» አልኳት።

ሴንት ጄምስ ታውን ስንደርስ ቀድመው የተመለሱት ሴቶች ሕንፃው በር ላይ ይጠብቁን ነበር፤ ፍራሹ ሳሎኗ ውስጥ ተነጥፎላታል፣ እስክትበር ድረስ አብረዋት የሚያድሩት ተራ ገብተዋል። በቤት ጫማዋ አስፋልቱን ተሻግራ ገባች።

እኔ ቤቴ ገባሁ። ንዴቴ አብሮኝ ገባ። ልብሴን ሳላወልቅ ደብረ ብርሃን ደወልኩ። ወንድሜ ነው ያነሣው። «እማዬን አቅርብልኝ» አልኩት። «አሁን። ድምፅዋን ልስማ።» ቀረበች። ጤንነቷን ሳልጠይቅ ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ስሚኝ። አንድ ቀን አንቺ አንድ ነገር የሆንሽ እንደሆነ በቀጥታ ለእኔ ይደውሉልኝ። የዚያኑ ሰዓት። ሥራ ላይ ብሆን፣ መንገድ ላይ ብሆን። ሽማግሌ መላክ፣ ማለዳ ማለት፣ ፈተና ይጨርስ ማለት አልፈልግም። ቃል ግቢልኝ።»

«ምን ያለው ልጅ ነው» አለች። የአስቴርን ነገር በአጭሩ ነገርኳት። «እሺ» አለች ቆይታ። «ለወንድምህ እነግረዋለሁ። በስልክ ይነግርሃል። እንዳልከው ይሁን።»

«ጥሩ።»

«አንተስ? አያድርገውና፣ አንተን እዚያ ክፉ ነገር ቢያገኝህ፣ ለእኔም እንዲሁ በስልክ ይንገሩኝ?»

«ማን? አይነግሩሽም!» አልኩ። «እንዴት ብለው ነው በስልክ የሚነግሩሽ? ብቻሽን ሆነሽ? ማንም እንዳይደውልልሽ እማዬ። ሰው ይመጣል፤ ተሰብስበው፣ በማለዳ…»



«እኮ» አለች። ከዚያም ራት በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።